ውጅግራ ከየት መጣ?

«ውጅግራ» የሚለው የጠመንጃ ስም የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር። ተኳሹ እጀታውን ወደ ላይ አንስቶ ይስባል፣ አንዲት ጥይት ያጎርሳል፣ መልሶ ይገፋል። ለእያንዳንዱ ተኩስ እንደገና ማጉረስ ግድ ነው።

«ሰናድር» ደግሞ የእንግሊዙ ስናይደር ነው። በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን አሮጌ ጠመንጃ ከኋላው እንዲጎርስ አድርገው ያሻሻሉት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ የጮኸው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 ጎጃምና ሸዋ ወለጋ ውስጥ፣ እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ከዓባይ በስተደቡብ ያለው ምድር ዕጣም በዚያ ተለወጠ። ይህ ታሪክ ሲነገር የአዝማቾቹ ስም ብቻ ተጠርቶ የጠመንጃዎቹ መረሳቱ ቅር ያሰኛል።

በዚያው በወለጋ ያሉ የሲሬና የነቀምቴ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው የጠመንጃዎቹን ስምና አጎራረስ ከአረጋውያን አፍ ሊመዘግቡ ይገባል። ሥራው ዛሬውኑ ይጀመር።