በአማካይ የጠፋው የመተማ ሙቀት

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገር መንገደኛ የሚያቋርጠው አንድ አነስተኛ ድልድይ ብቻ ነው። ከክረምቱ ዝናብ በፊት ባሉት ወራት፣ ከድልድዩ ወዲህም ሆነ ወዲያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ይሁንና ማቀዝቀዣን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ገላባት የሞቃት አገር ከተማ ስትሆን መተማ አይደለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦዞንን ንጣፍ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በ2016 በኪጋሊ ሲሻሻል፣ ሃይድሮፍሎሮካርቦን የተባሉት የማቀዝቀዣ ጋዞች ደረጃ በደረጃ እንዲቀነሱ ተወሰነ። እጅግ ሞቃት ለተባሉ 34 አገሮችም በተወሰኑ የአየር ማቀዝቀዣ ዓይነቶች ላይ የጊዜ እፎይታ ተፈቀደ። መመዘኛው የቀን ከፍተኛ ሙቀት የወር አማካይ በዓመት ቢያንስ ለሁለት ወራት ከ35 ዲግሪ መብለጡ ሲሆን፣ ስሌቱ የሚሠራው በአገሪቱ ጠቅላላ ስፋት ነው። ሱዳን፣ ኤርትራና ጅቡቲ በዝርዝሩ አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችም። የስሜንና የጮቄ ብርድ ከመተማ ሐሩር ጋር ተደምሮ ሲካፈል ሐሩሩ ይጠፋል። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም፤ በአማካዩ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የለም።

እፎይታውን አንመኝም። ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ለጥቂት ዓመታት አብልጦ የመጠቀም ፈቃድ የሚያስቀና ነገር አይደለም። የምንቆጨው በሌላ ነው። ሞቃት ተብለው በተመዘገቡት አገሮች፣ በባሕረ ሰላጤውና በግብፅ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃና የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅቶች አስተባባሪነት አማራጭ ጋዞች በከፍተኛ ሙቀት ተፈትነዋል። የሳይንስ ትብብር የሚሄደው ችግሩ በቁጥር ወደ ተመዘገበበት ቦታ ነው።

የመተማ ችግር በቁጥር ሲገለጽ ምን ይመስላል? ውስጡ 5 ዲግሪ እንዲሆን የሚፈለግ የክትባት ሣጥን እናስብ። በጎንደር ከተማ የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 15 ነው፤ በመተማ 40 ቢሆን ልዩነቱ 35 ይሆናል። ወደ ሣጥኑ የሚሰርገው ሙቀት ከልዩነቱ ጋር ስለሚያድግ 2.3 እጥፍ ይደርሳል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ካርኖ እንዳስተማረን፣ እያንዳንዱን ጁል ሙቀት ከውስጥ አውጥቶ ወደ ውጭ ለመጣል የሚጠየቀው ሥራም በዚያው ልክ 2.3 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ፣ ፍጹም የሆነ ማሽን እንኳ በመተማ 5.4 እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል። ፍጹም ያልሆነው፣ አቧራ የለበሰውና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቆመው ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ይገምት። ከፍሪጁ ጀርባ የተለጠፈው ምልክት «ኤን» ከሆነ ማሽኑ የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ፣ «ቲ» ከሆነ እስከ 43 ዲግሪ ለሚደርስ አካባቢ ነው። ይህን ምልክት አንብቦ የሚገዛ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ጉዳዩ የቀዝቃዛ መጠጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። አብዛኞቹ ክትባቶች የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የሚያጠቃው ካላዛር ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። ጎንደር ላይ ጥላ ያለው መጋዘን የሚበቃው መድኃኒት መተማ ላይ ማሽን ይሻል።

ከመስክ የተነሣ ችግር በትብብር እንደሚፈታ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ግሪንፒስ፣ የዴንማርክ የቴክኖሎጂ ተቋምና ሌሎችም «ሶላርቺል» በተሰኘው ፕሮጀክት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ባትሪ የሌለው የክትባት ፍሪጅ ሠርተዋል። በሙቀት ቶሎ የሚያረጀው ባትሪ ቀርቶ ኃይሉ በበረዶ መልክ ይቀመጣል፤ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣልና። የፀሐይ ፍሪጆች ደካማ ጎን ባትሪው መሆኑ የታወቀው በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንጂ በኮፐንሃገን ቤተ ሙከራ አይደለም።

የሕክምና ባልደረቦቻችን በዚህ ረገድ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም በተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌይሽማንያሲስ ጥምረት የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች በአንድነት መድኃኒት ፈትነዋል። በሽታው ድንበር አላወቀም፤ እነርሱም ድንበር አላገዳቸውም። ሙቀቱም እንዲሁ ድንበር አያውቅምና፣ የጎንደርና የገዳሪፍ የፊዚክስ መምህራን አንድ ዓይነት መለኪያ ይዘው በድልድዩ ግራና ቀኝ ቢሠሩ መልካም ነበር። እርግጥ በ2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙዎችን በመተማ በኩል አሰድዷል፤ በእኛም ወገን መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ቢሆንም ከወዲህ ያለውን ግማሽ ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። በገንዳ ውሃ፣ በኮኪትና በመተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያዎች፣ አንድ የሙቀት መመዝገቢያ ከፍሪጁ ውስጥ፣ አንድ በክፍሉ አየር፣ አንድ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ፣ እንዲሁም የመብራቱን ቮልቴጅ የሚመዘግብ አንድ መሣሪያ ማኖር የአራተኛ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከየካቲት እስከ ሰኔ የተሰበሰበው ቁጥር ለአምራቾችና ደረጃ ለሚያወጡ ኮሚቴዎች ሲላክ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ኢትዮጵያ የሚቀርበው አንድ አማካይ ብቻ አይሆንም።