ማኅበር ማሳውን ሲያግዝና ማሳውን ሲወስድ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ያለው አገር፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ጭምር፣ የገበሬ እርሻ ነበር። ከተማው እየሰፋ ማሳው ቢሸሽም የቦሌና የለሚ ኩራ ነዋሪ ጤፍ መብላቱን አልተወም። ስለሆነም ከከተማው ወዲያ በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርሰው ገበሬ በማኅበር መደራጀቱ ምርቱን ያሳድግለታል ወይ የሚለው ጥያቄ የከተማውንም መሶብ ይመለከታል።

ማኅበር ሲባል ብዙ አዛውንት ገበሬዎች ፊታቸውን የሚያጨፈግጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መሬት እንዲጠቀም ፈቅዶ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ። በ1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ደግሞ ገበሬውን ከመልባ ወደ ወልባ፣ ከወልባም ወደ ወላንድ እያሸጋገሩ በጋራ ማሳረስን ግብ አደረገ። በመልባ መሬቱ ሲጠቃለል ለቤተሰቡ የቀረው የጓሮ ያህል ቦታ ነበር፤ በወልባ በሬውም የማኅበሩ ሆነ። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና የግብርና ባለሙያው ለእነዚህ ማኅበራት በቅድሚያ ቢሰጥም፣ በጠቅላላው በሄክታር ያገኙት ምርት ከግል ገበሬው አልበለጠም። ድካሙ በነጥብ የሚመዘንለት ሰው፣ የራሱን አረም እንደሚያርም ሆኖ ጎህ ሲቀድ አይነሣም። የእህሉ ኮታ ሲጨመርበት ምሬቱ በረታ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱም መሬቱን ተከፋፍለው ወደየማሳቸው ተመለሱ።

በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተደራጁት ማኅበራት ጠባይ ሌላ ነው። ማሳው የቤተሰቡ ሆኖ ይቀራል፤ ማኅበሩ ማዳበሪያና ዘር ያቀርባል፣ እህሉን ሰብስቦ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፣ አባላት ባላቸው መሬት፣ ግብዓትና ጉልበት ሊገኝ ከሚችለው ምርት የሚያገኙት ድርሻ አባል ካልሆኑት በ5 በመቶ ነጥብ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ብዙ አይደለም፤ ይሁንና መሬት ሳይጨመር የተገኘ ነው።

በገበያው በኩል ነገሩ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በማኅበር በኩል የተሸጠ እህል ከ7 እስከ 9 በመቶ የተሻለ ዋጋ ቢያገኝም፣ አባላት በጠቅላላው ለገበያ የሚያወጡት ድርሻ እንዳልጨመረ ደርሶበታል። እንዲያውም መሬቱ ያነሰው ገበሬ ዋጋው ሲሻሻል የሚሸጠውን ይቀንሳል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። ልጆቹ የሚበሉትን ጎተራው ውስጥ ማስቀረቱ ግን ሊያስወቅሰው አይገባም።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። ጤፍ በታኅሣሥና በጥር ተወቅቶ ዋጋው ሲወርድ ገበሬው ዕዳውን ይከፍል ዘንድ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የብዙ መሠረታዊ ማኅበራት ካዝና ደግሞ በዚያው ሰዓት ባዶ ነው። ነጋዴው ብሩን ይዞ አውድማው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የቦሌና የለሚ ኩራ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከገበሬው ዩኒየኖች ጋር ከአጨዳ በፊት ውል ሊገቡ፣ የግዢውንም ገንዘብ በወቅቱ ሊያዘጋጁ ይገባል። የእሁድ ገበያ መክፈቱ መልካም ነው፤ ገንዘቡ ለውቂያ ካልደረሰ ግን ጤፉ እንደ ልማዱ በደላላ እጅ አልፎ ነው ቦሌ የሚገባው።