ዴስክቶፑ ላይ የቀረው የድሮ አድራሻ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የኦንላይን ምዝገባ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ትንንሽ ቤቶች እየበዙ መጥተዋል። ድሮ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ የተረከቡት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ቤቱ ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም የሌለው ሰው ዛሬ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በእነሱ በኩል ነው። ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ የኮምፒውተሩን ስክሪን ብታስተውሉ ዴስክቶፑ ከዳር እስከ ዳር በሾርትከት ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። አንዱ «ምዝገባ» ይላል፤ ከጎኑ «ምዝገባ አዲሱ» አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «ምዝገባ የሚሠራው»። የፊተኞቹ ሁለቱ አይከፍቱም፤ ቢሆንም ደፍሮ የሚሰርዛቸው የለም። በየጊዜው አዲስ ይጨመራል እንጂ የተበላሸው አይጠገንም።

ሾርትከት ራሱን ስናየው ትንሽ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው በአብዛኛው አንድ መስመር አድራሻ ነው። ያቺ መስመር ስትሳሳት ግን ዋጋውን የሚከፍለው ወረፋ የያዘው ሰው ነው። በቅርቡ በአንዱ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት እናት ሰነዳቸውን ከፌስታል አውጥተው ለምትሠራው ልጅ ሰጧት። ጠቅ አደረገች፤ ባዶ ገጽ መጣ። ደገመችው፤ ያው ነው። «እናቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ» አለቻቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ ነገማ በምኔ እመለሳለሁ?» አሏት። ከኋላቸው የቆመ አንድ ወጣት በስልኩ የመሥሪያ ቤቱን ስም ፈልጎ ገጹን ከፈተው፤ ይሠራል። ምዝገባው ወደ ሌላ ገጽ ተዛውሮ ኖሯል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሾርትከት ግን አሁንም የሚጠራው የድሮውን አድራሻ ነው። ልጅቷን ልወቅሳት አልችልም። እንዲህ ያለውን ነገር ያሠለጠናት የለም፤ ገጹ መዛወሩንም የነገራት የለም።

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ከለመድነው ቆይተናል። ከሰማነው በኋላ ሳንጠይቅ ወደመጣንበት እንመለሳለን። ከዚህ መልስ ጀርባ ግን በጣም የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ ከፊሎቹም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወዲያው የሚስተካከሉ ናቸው። ኔትወርክ ከጠፋ ሌላ ድረ ገጽም አይከፈትም፤ ይህን ማጣራት አያስቸግርም። ሌላው ሁሉ ተከፍቶ ያ አንዱ ብቻ እምቢ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። 404 የሚል ቁጥር ከታየ ሰርቨሩ አለ ማለት ነው፤ ጥያቄው ደርሶት «ይህ ገጽ እዚህ የለም» ብሎ መልሷል። ስለዚህ 404 አይቶ ሰው መመለስ ተገቢ አይደለም። ከአድራሻው ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስም የያዘውን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ አስቀርቶ፣ ከስላሹ በኋላ ያለውን አጥፍቶ ዋናውን ገጽ መክፈትና ምዝገባው የት እንደሄደ ከዚያ መፈለግ ይቻላል። ብሮውዘሩ እንዲህ ያለ ስም ጨርሶ አላገኘሁም ካለ ደግሞ የተቀየረው የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ራሱ ሊሆን ይችላል።

በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ፣ ብዙ ሰው ግን ከሾርትከት ጋር የማያያይዘው አንድ ችግር አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን መብራት በሌለበት ጊዜ የሚይዘው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሳንቲም የሚያህል ባትሪ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ዓይነት ነው። ባትሪው ሲያልቅ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ዕድሜ አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል፤ የትናንቱ ሾርትከት ዛሬ የተበላሸ ይመስላል። ከስክሪኑ በታች በስተቀኝ ያለውን ቀን አይቶ ማስተካከል ብቻ ይበቃ የነበረ ሰው፣ ሾርትከቱን ሰርዞ ሲሠራ፣ ብሮውዘር አጥፍቶ ሲጭን ይውላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህን ማወቅ ለማንኛውም የኮምፒውተር ሠራተኛ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን ይገባ ነበር።

አድራሻው መቀየሩ ከተረጋገጠ ጥገናው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ሾርትከቱን ራይት ክሊክ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲከፍቱት ዩአርኤል የሚል መስመር ይመጣል። የድሮውን አድራሻ አጥፍቶ አዲሱን እዚያው መለጠፍና «ኦኬ» ማለት ነው። አይከኑ ቦታውን አይለቅም፣ ስሙም አይቀየርም፤ ሠራተኛዋ የለመደችውን መጫን ትቀጥላለች። ያ መስመር ከሌለና በምትኩ «ታርጌት» የሚል ከታየ፣ ሾርትከቱ በብሮውዘሩ በኩል የተሠራ ነው፤ ብሮውዘሩ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር አብሮ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ሰርዞ፣ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ኒው»፣ ከዚያ «ሾርትከት» ብሎ አድራሻውን በመለጠፍ አዲስ መሥራት ይሻላል። ለ«ታርጌት» መስመር አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከፕሮግራሙ ስም በኋላ ማንም ያላስገባው የድረ ገጽ አድራሻ ተለጥፎ ከተገኘ ኮምፒውተሩ መመርመር አለበት፤ ሰውን ወደ ማስታወቂያ ገጽ የሚጎትቱ ፕሮግራሞች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

አሠራሩ ላይም ሊታረም የሚገባ ልማድ አለ። ሠራተኛዋ ገብታ፣ ቅጹን እየሞላች ሳለች የደረሰችበትን ገጽ ሾርትከት ታደርገዋለች። ያ ረጅም አድራሻ ብዙ ጊዜ የዚያችን ሰዓት ብቻ የሚያገለግል መለያ አዝሏል፤ ከወጣች በኋላ ይሞታል። መቀመጥ ያለበት አጭሩ የመግቢያ አድራሻ ነው።

አንዳንዱ ችግር ደግሞ ከዕድሜ የመጣ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተሰናብቷል። ጉግል ክሮምም ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን መደገፍ አቁሟል። በእነዚህ ላይ የቆዩ ኮምፒውተሮች ሾርትከታቸው ትክክል ቢሆንም አንዳንድ አዳዲስ ገጾች አይከፈቱላቸውም።

እስካሁን የተናገርኩት ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ማድረግ ስለሚችለው ነው። ትልቁ ኃላፊነት ግን ያለው አድራሻውን በሚቀይረው ዘንድ ነው። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስኑት አዋጆች ብቻ ሲታዩ በ2003፣ በ2008፣ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. ተተካክተዋል። በ2011 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን የገቢዎች ሚኒስቴርና የጉምሩክ ኮሚሽን ሆኗል፤ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የሚለው ስም የመጣውም ያኔ ነው። የሀገር አቀፍ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች ኤጀንሲ ቆይቶ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ተብሏል። እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ይኖረዋል፤ መንግሥት ራሱን እንደገና ማደራጀቱ በራሱ ስህተት አይደለም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቶቻችን የድረ ገጽ አድራሻ በአብዛኛው የሚሠራው ከእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ስሙ ሲቀየር አድራሻው ይቀየራል፤ አድራሻው ሲቀየር በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየወረዳው ያለ ሾርትከት ሁሉ ባንድ ቀን ይሞታል። በበራሪ ወረቀት የታተመው፣ በደብዳቤ ግርጌ የተጻፈው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አድራሻ ደግሞ ማንም ቢፈልግ ሊያርመው አይችልም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች ውስጥ 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም፤ ከተመለከታቸው የመንግሥት ገጾችም 21 በመቶው ቢያንስ አንድ የተበላሸ ሊንክ ነበረባቸው። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ገና እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፈው ጽሑፍ፣ መልሶ መደራጀት አድራሻ ለመቀየር በቂ ምክንያት እንዳልሆነና የሚለዋወጥ ነገር አድራሻ ውስጥ መግባት እንደሌለበት ተከራክሯል። ልዩነቱ ያለው ጉዳቱ ላይ ይመስለኛል። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው የተበላሸ ሊንክ ሲገጥመው ፈልጎ ሌላ ያገኛል። በሰው እጅ፣ በሰው ኮምፒውተር፣ በተራ የሚስተናገድ ሰው ግን ሁለተኛ ዕድል የሚያገኘው ሌላ የትራንስፖርት ገንዘብ ከፍሎ ነው።

ከማይከፍተው ሾርትከት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ወደማይታወቅ ቦታ የሚከፍተው ነው። በነጥብ ኮም የተመዘገበ ስም በየጊዜው ክፍያው ይታደሳል። ካልታደሰ ይለቀቃል፤ ከዚያ ማንም ሊገዛው ይችላል። አንድ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ምዝገባ በዚህ ስም ሲጠቀም ቆይቶ ወደ ሌላ ሲዛወር የድሮውን ከረሳው፣ በየዴስክቶፑ የቀሩት ሾርትከቶች የገዛው ሰው ንብረት ይሆናሉ። ሠራተኛዋ የለመደችውን አይከን ትጫናለች፤ ገጹም ይከፈታል። የእነዚያን እናት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር ለማን እንደሞላች የምታውቅበት መንገድ የላትም። በመንግሥት መጠሪያ ሥር፣ በነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ የተከፈተ አድራሻ ለዚህ አደጋ በቀላሉ አይጋለጥም፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ማንኛውም ገጽ እዚያ ሥር ብቻ ሊሆን ይገባል።

መፍትሔው የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው። ቢሮ ሲቀየር አሮጌው በር ላይ «ወደዚህ ሕንፃ ተዛውረናል» የሚል ወረቀት እንለጥፋለን፤ ለድረ ገጽም ይኸው አለ። 301 ተብሎ የሚታወቀው መልስ፣ የድሮውን አድራሻ የጠራን ሁሉ ራሱ ወደ አዲሱ ይወስደዋል። ሾርትከቱ ሳይነካ ይሠራል፤ ሠራተኛዋም ለውጥ መኖሩን ሳታውቅ ሥራዋን ትቀጥላለች። የሚያስፈልገው የድሮውን ስም አለመልቀቅና ሰርቨሩ ላይ ትእዛዙን ማስገባት ነው። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። የጎደለው፣ ሲዛወሩ ይህን እንዲያደርጉ የሚያዛቸው አካል ነው።

እነዚያ አዋጆች ሁሉ የፈረሰው መሥሪያ ቤት መብትና ግዴታ ለተካው እንደሚተላለፍ የሚደነግጉ አንቀጾች አሏቸው። መኪናው፣ መዝገቡ፣ ሠራተኛው፣ ውሉ ይተላለፋል። ለሕዝብ የተሰጠ የድረ ገጽ አድራሻም በዚያው ርክክብ ውስጥ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በቃል ሳይሆን በዝርዝር፦ የትኛው ገጽ የት እንደሄደ፣ የትኛው ቅጽ በየትኛው እንደተተካ፣ የድሮው ስም እስከ መቼ እንደሚጠበቅ። የመንግሥት አገልግሎትን ወደ ኦንላይን ማምጣት ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ከተባለው የ2012 ዓ.ም. ስትራቴጂ ጀምሮ የታወጀ ዓላማ ነው። በዚያ ዓላማ መሠረት ከየቢሮው መስኮት ወደ ድረ ገጽ የተላከ ባለጉዳይ፣ ድረ ገጹ ሲዛወር የመከተል መብት አለው።

እስከዚያው መሥሪያ ቤቶች በዋናው ገጻቸው ላይ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ አገልግሎቶቻቸው አሁን የሚገኙበትን አድራሻ በአንድ ዝርዝር ቢያወጡና በተቀየረ ቁጥር ቀኑን ቢጽፉበት ብዙ ነገር ይቀላል። የጽሕፈት ቤቶቹ ሠራተኞች ሾርትከታቸውን የሚያርሙበት ምንጭ ያገኛሉ። የወረዳ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያም በአካባቢው ያሉትን ቤቶች እየዞረ፣ ዝርዝሩን ከዴስክቶፑ ጋር አስተያይቶ የሞተውን መንቀል፣ የተቀየረውን ማረም፣ የኮምፒውተሩንም ቀን ማየት ይችላል።