ቤቱ ይሸጣል፤ ጎርፉስ?

 

«ባሕሩ ከደጃፉ፣ ወደቡ ከጎኑ የሆነ ቤት ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ልቡ መሸፈቱ አይቀርም። ማስታወቂያው ግን የሚያወራው ስለ ባሕሩ ውበት ብቻ ነው። ጨዋማው ነፋስ ብረቱን እንደሚበላው፣ ማዕበል ሲነሣ ውሃው የት ድረስ እንደሚገባ አይናገርም።

ይፋትም በጥንት ዘመን ከባሕር ጋር ትውውቅ ነበረው። በወለስማዎች ዘመን የይፋት ሱልጣኖች ሥልጣን እስከ ዘይላ ወደብ ይደርስ ነበር። ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ዘይላን ጎብኝቷል። ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን መስክሯል። ይሁን እንጂ ከዓሣው ብዛትና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ ሽታዋ ቢያስመርረው፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ከሩቅ ያማረ ሁሉ ሲገቡበት አያሳድርም።

ዛሬ በሸዋ ሮቢት ባሕር ባይኖርም የሮቢ ወንዝ አለ። በበጋ የቆላው ሙቀት ሲበረታ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ያስጎመጃል። ክረምት ገብቶ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ ወደ ቆላው ይወርዳል። ታዲያ አንድ ሰው ጎርፍ የገባበትን ቤት በጥር ወር ቀለም ቀብቶ፣ ውሃው በግድግዳው ላይ የተወውን ምልክት ሸፍኖ ቢሸጥ ገንዘቡ ሐላል ይሆንለታልን?

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን በአንድ ነጋዴ የእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ በሉ፤ ዝናቡን ያመጣው ነጋዴው አልነበረም። ጥፋቱ መሸፈኑ ነው። ጎርፍም እንዲሁ ነው።

ገዢውም ኃላፊነት አለበት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመች እህት ላብ ነው። እርሷ ቤቱን የምታየው በወንድሟ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን አማና ነው። ስለዚህ ወንድም ሆይ! ከደላላው ይልቅ ጎረቤቱን ጠይቅ፤ ባለፉት ክረምቶች ውሃው የት እንደደረሰ አጣራ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል፤ የምትገዛው ቤቱን ነውና ይዞታው በማን ስም እንደሆነ ሳታጣራ ቀብድ አትክፈል። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾች ሁሉ፣ ሴቶችም ጭምር፣ መስማማታቸውን አረጋግጥ፤ የየቲም ድርሻ ያለበት እንዳይሆን ተጠንቀቅ። ውሉንም በጽሑፍ አድርገህ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ዘንድ አስመዝግብ። ያየኸውን ጉድለት ለእህትህ ሳትሸሽግ ንገራት።

ሻጭ ሆይ! ጉድለቱን ብትናገር ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። ብትደብቀው ግን በረካው ይሄዳል፤ ክረምት ሲመጣም ጎርፉ ራሱ ይመሰክርብሃል።

አላህ በሐላል የሚብቃቁ ያድርገን። አሚን።