ለአበባ ዘር ማስቀረት ይገባል

ልጆች ሆይ፤ አንዳንድ ሰው «አበባ አይበላም፤ ስለ ምን ይዘራል?» ይላል። እኔ ግን ይህን ነገር አልቀበልም። በመስከረም ወር በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ሜዳውን የሚያለብሰው ዐደይ አበባ ንቦችን ይቀልባል። በጥቅምትና በኅዳር ከምንቈርጠው ማር ብዙው ከእርሱ የተቀሰመ ነው። እንግዲህ ማር የሚወድ ሰው አበባን ሊንቅ አይገባውም።

ነገር ግን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ስንቀጥፍ ብዙ ጊዜ ከነሥሩ እንነቅለዋለን። ሳያፈራ ከተነቀለ የከርሞው ዘር ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ከፊሉን ቅጠፉ፤ ከፊሉን ለዘር ተዉት። የአበባው ራስ ደርቆ ዘሩ ሲጠቍር ልቀሙት፤ በጥላ አድርቃችሁ፥ በጨርቅ ቋጥራችሁ፥ እርጥበት በማያገኘው ስፍራ አኑሩት።

ሰኔ ገብቶ ዝናሙ ምድርን ሲያርሳት በጓሮ ወይም በአጥር ሥር አፈሩን ቈፍራችሁ አለስልሱ። የበሰበሰ ፍግ ጨምሩበት፤ ትኩስ ፍግ ቡቃያውን ያቃጥላል። ዘሩ ቀላል ነውና ከደረቅ አፈር ጋር ደባልቃችሁ በትኑት፤ በላዩም ስስ አፈር ብቻ አልብሱት፤ በጥልቅ ቢቀበር ሳይወጣ ይቀራል። ጎርፍ እንዳይጠርገው ከላይ በኩል ቦይ ቅደዱ። ተጨናንቆ ቢበቅል አሳሱት።

የዘራ ልጅ በማግሥቱ አፈሩን እየጫረ «በቀለ ወይ?» አይበል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይታገሥ። ያን ጊዜ ከራሱ ጓሮ ቀጥፎ ለወላጆቹና ለጎረቤቶቹ ይሰጣል፤ ለንቦችና ለከርሞ ዘርም ድርሻቸውን ያስቀራል።