የቤት ዕዳና የፓርቲዎች ክርክር፦ ከዋሽንግተን እስከ አርባ ምንጭ

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲመሠረት የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ አርባ ምንጭ እንድትሆን መደረጉ ይታወሳል። ውሳኔው ለጋሞ ዞን ርዕሰ ከተማ የሚያስገኘው ጥቅም እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ቀድሞም ዩኒቨርሲቲው ተከራይ ባበዛባት ከተማ በሴቻና በሲቀላ ቤት የሚፈልገው የመንግሥት ሠራተኛ እንዲጨምር ማድረጉ አይቀርም። ለቤት ባለዕዳ መንግሥት እስከ ምን ድረስ ሊደርስለት ይገባል የሚለው ጥያቄም ከዚያ ምክር ቤት አዳራሽ የራቀ አይደለም።

ጥያቄው ሁለት ፓርቲዎችን ፊት ለፊት ያፋጠጠው በአሜሪካ ነበር። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የካቲት 11 ቀን 2001 ዓ.ም ቤታቸው በባንክ ሊወሰድባቸው ለተቃረቡ ዜጎች የ75 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ዴሞክራቶች አንድ ቤት ሲወረስ የጎረቤቱም ዋጋ አብሮ ይወርዳል አሉ። ሪፐብሊካኖች ደግሞ ዕዳውን በወቅቱ የከፈለ ዜጋ ከአቅሙ በላይ የተበደረውን ለምን ይሸከማል ሲሉ ሞገቱ። የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 20 ቀን 2003 ዓ.ም ፕሮግራሙ እንዲቋረጥ በ252 ለ170 ድምፅ ቢወስንም ውሳኔው ሕግ ሳይሆን ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ክርክሩ የተካሄደው ከዕዳው በፊት ባለው ደረጃ ላይ፣ ማለትም በመሬቱ ላይ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዲቀጥል ሲከራከር፣ ቅንጅት የግል ባለቤትነት እንዲፈቀድ ጠይቋል። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ቢያሸንፍም ምክር ቤቱን አልተረከበም። በአቶ አርከበ ዕቁባይ ዘመን የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ግን በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በተመራው ባለአደራ አስተዳደርም ቀጥሏል።

የአሠራሩ መሠረት ዕድለኛው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ አስቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር እንዲሸፍን ነበር። ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ ቢከለከልም ማከራየት አልተከለከለም። ወርኃዊ ክፍያው የከበደው ባለዕዳ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ተከራየ። ሁለተኛው ማቅለያ የመጣው ማንም ሳያቅደው ነው። በ2000 ዓ.ም አካባቢ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ ሲያልፍ በቋሚ መጠን የተወሰነው ዕዳ እያደር ቀለለ። ሸክሙ ከንረቱ እጅግ ያነሰ ወለድ ወደሚያገኘው ቆጣቢ ዞረ። አሜሪካውያን በምክር ቤት ድምፅ የተሟገቱበትን ድጋፍ፣ እዚህ የዋጋ ንረት ያለ አንዳች ክርክር አከፋፈለው ማለት ይቻላል።

በ1998 ዓ.ም ግንባታው ወደ ክልል ከተሞች ሲሻገር ግን ሒሳቡ አልሠራም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከአዲስ አበባው ብዙ አይርቅም፣ የኪራይ ገበያውና የገዢው ገቢ ግን ዝቅተኛ ነው። አከራይቶ ዕዳ መክፈል የሚቻለው ኪራዩ ዕዳውን ሲሸፍን ብቻ በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአብዛኞቹ የክልል ከተሞች በገዢዎች የመክፈል አቅም ማነስ ምክንያት ተቋረጠ።

በሕግ በኩልም ለባለዕዳው የተተወው ቦታ ጠባብ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 በውል እስከተስማሙ ድረስ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል። የመክፈያ ጊዜ ማራዘም የባንኩ፣ የገንዘብ ፖሊሲም የብሔራዊ ባንክ ጉዳይ ስለሆነ በክልል ምክር ቤት እጅ የሚቀረው መሬት ነው። ሕገ መንግሥቱ የመሬት አስተዳደርን ለክልሎች ሰጥቷል። ለሠራተኞች የቤት ማኅበራት ቦታ በአነስተኛ ዋጋ መስጠት፣ ከመነሻው የሚያስፈልገውን ብድር ስለሚቀንስ፣ ዕዳው ከመጣ በኋላ ከሚደረግ ድጎማ የተሻለ መንገድ ይመስላል።

ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያለው ለም መሬት የገበሬው የሙዝና የማንጎ ማሳ ነው። ከተማዋ ወደዚያ በተስፋፋች ቁጥር ካሳውን የሚከፍለው የሕዝብ በጀት ነው፤ ከበጀቱ ግብር ከፋዮች መካከልም በማኅበር ያልተደራጀው ተከራይ ይገኝበታል።