የዓረብ አገር ጥሪትና የቡቲክ በር

የአዲስ አበባ የሱቅ ደላሎች አንዲትን ደንበኛ ከሩቅ ያውቋታል። ከቤሩት፣ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ከተመለሰች ገና ወራት ቢሆናት ነው። ገንዘቧ በእጇ ነው፤ በውሉ አንቀጽ ብዙም አትከራከርም፤ ሱቁ ከደረጃው ራስ ላይ ከሆነና መስታወቱ ሰፊ ከሆነ ይበቃታል። የምትከፍተውም ቡቲክ ነው። ስምንትና አሥር ዓመት በሰው ቤት ተሠርቶ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት ውል ከእጇ ይወጣል።

ልብስ መምረጧ አያስወቅሳትም። ጨርቁን ታውቃለች፤ የዱባዩን የጅምላ ዋጋም ታውቃለች። ስህተቱ ገንዘቧ ከልብሱ በፊት በሩ ላይ ማለቁ ነው።

ለምሳሌ ያህል 900 ሺህ ብር ይዛ መጣች እንበል። የወር ኪራዩ 40 ሺህ ቢሆንና የስድስት ወር ቅድሚያ ብትጠየቅ 240 ሺህ ብር ወጣ። የቀድሞው ተከራይ ለቁልፍ 150 ሺህ ይላታል። መደርደሪያ፣ መስታወት፣ መብራት፣ የደላላ ኮሚሽን ሲደመር ሌላ 110 ሺህ። ለዕቃ የሚቀራት 400 ሺህ ነው፤ እሱንም በአንድ ጉዞ ታፈሰዋለች። በመጀመሪያው ወር መካከለኛው ቁጥር ተሸጦ ያልቃል፤ በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ መስቀያው ላይ ይቀራል። ለሁለተኛው ጉዞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። መርካቶ ውስጥ ያረጀ ነጋዴ ሁሉ የልብስ ሱቅ የሚዘጋው በሁለተኛው ዕቃ እንደሆነ ያውቃል፤ ለአዲሷ ግን የሚነግራት የለም።

ዘመድም አለ። «አንቺ ከዓረብ አገር የመጣሽ፣ ለአንድ ቀሚስ ትጨነቂያለሽ?» እየተባለ በዱቤ የሚወጣውን ልብስ መዝግባ የያዘች ተመላሽ ጥቂት ናት።

የምንዛሪው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ በመሆኑ አብሮ ወጣ። እርግጥ ነው፣ በሻንጣ የምትነግደው ሴት ቀድሞም ቢሆን ዶላሩን የምትገዛው በትይዩ ገበያ፣ ከባንኩ እጥፍ በሆነ ዋጋ ስለነበር እንደ ትልቁ አስመጪ አልደነገጠችም። የጎዳት ገዢው ነው። ኪሱ ባለበት ቆሞ ዘይቱና ጤፉ ሲወደድበት መጀመሪያ የሚተወው አዲስ ልብስ ነው፤ ገበያውም በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በዒድና በጥር ሠርግ ዙሪያ ተሰብስቧል። ኪራዩ ግን ሁዳዴን አይጾምም።

የመኖሪያ ቤት ተከራይ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ተደርጎለታል። የሱቅ ተከራይ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስድስት ወርም ዓመትም ቢባል ከመክፈል ወይም ከመተው በቀር ምርጫ የለውም።

ታዲያ ተመላሿ ከሌላው የምትበልጠው በምንድን ነው? በሱቅ አይደለም። ቦሌ ላይ ሱቅ የመያዝ አቅም ያለው ብዙ ነው። የእሷ ብልጫ ዕቃው ከሚወጣበት ቦታ ያላት እውቀት ነው። ዓባያን እንውሰድ። የትኛው ጨርቅ ሲታጠብ ይሳሳል፣ የትኛው ጥልፍ በማሽን የትኛው በእጅ ነው፣ የትኛው ሞዴል እዚያ ካለፈበት ወር ተቆጥሮለታል፤ ይህን በመዳሰስ ብቻ ትለያለች። ዓረብኛ ትናገራለች፤ እዚያ የቀሩ ጓደኞችም አሏት፤ አንዷ ገበያ ወርዳ ፎቶ ትልክላታለች። ዓባያ የሚለብሰው ደንበኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይገዛል፤ ለረመዳን ይጨምራል።

ይህ እውቀት በር አይፈልግም። በቴሌግራም ሞዴሉን አሳይታ፣ በቴሌብር ቀብድ ተቀብላ፣ የተፈለገውን ቁጥር ብቻ ብታስመጣ ግድግዳ ላይ የሚቀር ዕቃ አይኖራትም። ወይም ሱቅ ላላቸው አምስትና ስድስት ቡቲኮች አቅራቢ ብትሆን ኪራዩን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። በሻንጣ «የግል መገልገያ» እያሉ ማስገባት ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢሳካ በአራተኛው ጉምሩክ ላይ ጥሪትን ማስያዝ ነው። ፈቃድ አውጥቶ ቀረጡንና 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከዋጋው ጋር ማስላት ይሻላል፤ ሒሳቡ ካልወጣም ዕቃው ሳይገዛ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ጥሪት ይዛ ለመጣችው ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች መካከል ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነው የወረዱት። የእነሱ ጉዳይ በቡቲክ ወሬ አይፈታም።

ለባለ ሕንፃዎች ግን አንድ ነገር ማለት ይቻላል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ሱቃቸው ተዘግቶ ይውላል። ያችን ቅድሚያ ከፍላ በሰባተኛው ወር የምትወጣ ተከራይ ደጋግሞ ከመፈለግ፣ በየወሩ የምትከፍል፣ ሱቁንም ከሌላ አንዲት ተመላሽ ጋር የምትጋራ ተከራይ ማስገባት ያን ያህል ኪሳራ አለው?